ከሰማያዊው መኪና የተቀዳ ትርፍ ዘይት

ስድስት ዓመት ሙሉ ባላጠፋሁት ጥፋት ይቅርታ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ላይ ስጮህ ስትሰሙኝ "ይቺን ሴት ምን ነካት?" እንዳትሉ ነው።

የጋራዡ ደንበኞች "ካምቢዮ" ይሉኛል። ሥራዬ አውቶማቲክ ካምቢዮ መጠገን ስለሆነ ነው። ከሳቅ ወደ ቁጣ ማርሽ ለመቀየር ጊዜ ስለማይፈጅባት ነው የሚሉም አሉ፤ እነሱም አልተሳሳቱም። ታላቅ ወንድሜ ሞተር ይሠራል። እሱን "ጸሐፊው" ነው የሚሉት፣ በእሱ በኩል ወረቀት ያልተለጠፈበት ዕቃ የለምና። የብሎኑ ቆርቆሮ ላይ "ብሎን"፣ የመጥረጊያው እጀታ ላይ "መጥረጊያ"፣ የስኳሩ ጣሳ ላይ "ስኳር ነው፣ ጨው አይደለም" ብሎ ጽፏል። ፊደሉ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ነው። በልጅነታችን ሁለታችንንም ያስተማረችን አንዲት መምህርት የእሱን ደብተር ለክፍሉ እያሳየች፣ የእኔን ግን "ዶሮ የጫረችው" ትለው ነበር።

ጋራዡ የአባታችን ነበር፣ አሁን የእናታችን ነው። እማዬ ከላይ ባለው ቤት መስኮት ሹራቧን ይዛ ትቀመጥና ግቢውን በሙሉ ታያለች። የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው። በግራ ያለው የሞተር ክፍል የወንድሜ፣ በቀኝ ያለው፣ መኪና ከሥሩ የሚጠገንበት ጉድጓድና የእንጨት ጠረጴዛ የእኔ። ወንድሜ ጠዋት ከሁላችን ቀድሞ ይገባና ሥራው ያለቀለትን መኪና ከግቢው ከመውጣቱ በፊት ይለካል። "ከምልክቱ ያነሰም ያለፈም ከዚህ በር አይወጣም" የሚለው የአባታችን ቃል ነው። የሞተር ዘይት፣ ውሃ፣ የፍሬን ዘይት። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር።

ነገሩ የፈነዳው በባለ ዳቦ ቤቱ ሰማያዊ መኪና ነው። ባለ ዳቦ ቤቱ ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ጨዋ ሰው ነው። በዓመት አንድ ቀን ግን ከከተማው ጀርባ ባለው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ይወዳደራል፤ ያን ቀን ጨዋነቱን ቤቱ ትቶት ይመጣል። ወንድሜ ሞተሩን ከፍቶ ጉልበቱን በግማሽ ያህል ጨመረለት። ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ያን ሁሉ ጉልበት ተሸክሞ ወደ ጎማ የሚያደርሰውን ካምቢዮ ግን ትችላለህ ወይ ብሎ ማን ጠየቀው? ማንም። ተቃጠለ። አደስኩት። ደግሞ ተቃጠለ። ሁለቱንም ጊዜ "የእሷ እጅ ነው" ተባለ።

ለሁለተኛ ጊዜ በተቃጠለ ዕለት ወንድሜ ግቢው መሃል ቆሞ ወደ መስኮቱ ቀና አለ።

"እማዬ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ የካምቢዮ ባለሙያ አለ። አነጋግሬዋለሁ። ጉድጓዱን እሱ ቢይዘው ይሻላል።"

"እህትህስ?"

"ቢሮ ትቀመጣለቻ። ስልክ የሚያነሳ ሰው ያስፈልገናል።"

ስልክ! ሃያ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ ወገቤ የተቆረጠው "ሃሎ" ለማለት ነው? ይህንኑ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። እማዬ መርፌዎቿን አቆመች።

"አንድ ጊዜ ደግሞ ትሞክር" አለች። "ሦስተኛው ከተቃጠለ ግን ሰውዬው ሰኞ ይግባ።"

ካምቢዮ የሚሞተው በሙቀት ነው። ይህን ስንት ጊዜ ተናግሬ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኛል። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፣ ይጠቁራል፤ ውስጥ ያሉት፣ እየተጣበቁ ማርሹን የሚይዙት ፍሪሲዮኖች መያዝ ትተው መንሸራተት ይጀምራሉ፤ በተንሸራተቱ ቁጥር የባሰ ይግላሉ። ይህ መኪና ከፋብሪካ ይዟት የወጣት የዘይት ማቀዝቀዣ ደግሞ ክንድ የማታህል ቱቦ ናት። ያውም የተቀበረችው ራዲያተሩ ሆድ ውስጥ፣ በሞተሩ ትኩስ ውሃ መሃል ነው። የፈላ ድስት ውስጥ ከትቶ "ቀዝቅዝ" እንደ ማለት ነው። ተዝናንቶ ለሚነዳ ትበቃለች። ዳገት ለሚሮጥ አትበቃም።

ስለዚህ ትልቅ ማቀዝቀዣ አስመጣሁ። ቀጫጭን ሳህን በሳህን ላይ ተደርቦ የተበየደ፣ የራሱ ማራገቢያ ያለው፣ ከራዲያተሩ ፊት ነፋስ በቀጥታ በሚመታው ቦታ የሚታሰር። ወንድሜ ገና ሲያየው ፊቱን አኮማተረ።

"አየሬን ትዘጊብኛለሽ! ሞተሬ ሊሞቅ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።"

"ሞተርህ ከሞቀ ሰኞን አልጠብቅም፣ ራሴ ሄጄ ስልኩ ሥር እቀመጣለሁ" አልኩት።

አራት ቀን ሠራሁ። ካምቢዮውን ዳግም አደስኩ። የድሮዎቹን ቱቦዎች ጣልኳቸው፤ የሞተ ካምቢዮ ብናኝ ቱቦ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና አዲሱንም ይገድለዋል። ወፍራም ቱቦ ዘረጋሁ፣ ከጭስ ማውጫው አራቅኩት፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በድርብ ማሰሪያ አጠበቅኩ፣ ነጂው ፊት የዘይቱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ተከልኩ። አሞላሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው ለጥ ያለ ወለል ላይ ቆሞ፣ ማርሹን ከጫፍ ጫፍ አመላልሼ፣ ዘይቱ ሞቅ ካለ በኋላ ነው የዘይቱ መለኪያ ዘንግ የሚመዘዘው። ልክ ምልክቱ ላይ አሳረፍኩት። ዓርብ ከሰዓት ባለ ዳቦ ቤቱን ከጎኔ አስቀምጬ ዳገቱን በሙሉ ኃይል ወጣሁ። ጌጁ ዘጠና ላይ ቆመ፣ ንቅንቅ አላለም።

"እህቴ፣ ይሄ መኪና ሰው ሆነ'ኮ!" ብሎ ዳሽቦርዱን ሳመው።

እሑድ ጠዋት ለልምምድ መንገዱን ዘጉልን። እኔና ወንድሜ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ቆመናል። ሰማያዊው ከታች እያገሳ መጣ፤ እኛ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን አልሄደም። ሽታው ከጭሱ ቀድሞ አፍንጫዬ ገባ። የተቃጠለ የካምቢዮ ዘይት ሽታ ለእኔ የሬሳ ሽታ ነው። ባለ ዳቦ ቤቱ ወርዶ የራስ ቁሩን አወለቀ።

"እህቴ፣ ጌጁ መቶ ሃምሳ ገባ! ምን አድርጌሽ ነው?"

ወንድሜ መሬት መሬት እያየ አንዲት ቃል ተናገረ። "አልኩሽ።"

ከስድብ ሁሉ የምጠላው ይህን ቃል ነው።

ጎትተን ጋራዡ አስገባነው። ሞተሩን አስነስቼ መለኪያውን መዘዝኩ። ጫፉ ላይ ጥቁር ነገር ነካ ከማድረጉ በቀር ደረቅ ነው። ከመኪናው ሥር ገባሁ። ዓርብ ዕለት መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በነጭ ጨርቅ አብሼ ነበር፤ አሁንም በነጭ ጨርቅ አበስኳቸው፣ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ወጣ። አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ታዲያ ዘይቱ የት ገባ? ጠጥቶት ነው?

"ጋሼ፣ ይህን ካምቢዮ ማን ነካው?" አልኩት ወንድሜን።

"ማን ይነካዋል? ከእጅሽ እንደ ወጣ ነው የሄደው። አጉድለሽ ሞልተሽዋል በቃ። ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ።"

ይህን ያለኝ በለሰለሰ ድምፅ ነው። ሊዋሸኝ ፈልጎ አልነበረም፤ በኋላ ይበልጥ ያቃጠለኝም እሱ ነው። ከላይ መስኮቱ ተከፈተ።

"እንግዲህ ልጄ፣ ሰኞ ነገ ነው" አለች እማዬ።

ባለ ዳቦ ቤቱ አልሄደም ነበር። የቀረውን ዘይት ቀድቼ ላሳየው፣ ምን ያህል እንደ ጎደለ በዓይኑ እንዲያይ ብዬ፣ ንጹሕ ጠርሙስ ፍለጋ ወደ ወንድሜ ቁም ሣጥን ሄድኩ። ያን በር ከፍቼው አላውቅም። "በንጹሕ እጅ ብቻ" የሚል ተለጥፎበታል፤ እኔን ማለቱ ነው። በዚያ ሰዓት ግን የእጄ ንጽሕና አላሳሰበኝም።

የታችኛው መደርደሪያ ላይ ሰባት ጠርሙስ ተደርድሯል። ውስጣቸው ያለው ቀይ ነው። ጋራዣችን ውስጥ ቀይ ዘይት ያለው የካምቢዮ ብቻ ነው። የፊተኛውን አዞርኩት።

"ከሰማያዊው መኪና የተቀዳ ትርፍ ዘይት። አንድ ሊትር ተኩል። ቅዳሜ ጠዋት። ንጹሕ ስለሆነ አይደፋ።"

ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ፊደሉ እንዴት እንደሚያምር! ሁለተኛውን አነሳሁ፤ እሱም ከሰማያዊው፣ ባለፈው ወር፣ ግማሽ ሊትር። ሦስተኛውም ከሰማያዊው። አራተኛው ከሐኪሙ መኪና፣ አምስተኛው ከታክሲው፣ ስድስተኛው ከመንጃ ትምህርት ቤቱ። አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ሠርቼ በሰጠኋቸው በወር በሁለት ወሩ ተንሸራተተ ብለው የተመለሱ ናቸው። ሁሉንም እየፈታሁ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ" ብዬ በነጻ ያደስኳቸው ናቸው።

የሰባተኛው ጽሑፍ ደብዝዟል። "ከመምህርቷ መኪና። ግማሽ ሊትር።"

መምህርቷ ያቺው "ዶሮ የጫረችው" ያለችኝ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት እህቷ ሞታ ወደ ቀብር ስትሄድ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆመባት፤ እህቷ እሷ ሳትደርስ ተቀበረች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። እኔም ልክ ናት እያልኩ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ስድስት ዓመት! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏል ይህ ነው፤ የገዛ ወንድሜን እንዴት ልጠርጥር?

ጠርሙሶቹን በካርቶን ተሸክሜ ግቢው መሃል አስቀመጥኳቸው።

"ና!" አልኩት። ጋሼ አላልኩትም።

መጣ። ሰማያዊውን ጠርሙስ ዓይኑ ሥር ያዝኩለት። "ይሄ ምንድነው?"

"ትርፍ ነዋ። ከምልክቱ ሁለት ጣት አልፎ አገኘሁት፣ በቀጭን ቱቦ መጥጬ አስተካከልኩት።"

"ማንም አልነካውም አላልከኝም?"

"አልነካሁትማ! ለካሁት እንጂ።"

ባለ ዳቦ ቤቱ የራስ ቁሩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ወንድሜን ጠየቅኩት፤ "ስትለካ ሞተሩ ተነስቶ ነበር?"

"ሞተር እየሠራ ዘይት ይለካል እንዴ? ምን ነካሽ?"

ለፍሬን ሥራ የመጣ የአንዲት ነርስ መኪና ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር፣ አውቶማቲክ ነው። ወንድሜን በክንዱ ይዤ ኮፈኑ ሥር አቆምኩት።

"እንደ ለመድከው ለካ።"

መለኪያውን መዘዘ፣ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ መዘዘ። ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ነው። "ይኸው" አለ፣ እንዲያውም ደስ አለው። "ይሄንንም አብዝተሽዋል።"

ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ። እስኪሞቅ ጠበቅኩ። ማርሹን ከጫፍ ጫፍ አመላለስኩ። "አሁን ለካ" አልኩት።

መዘዘ። ልክ ምልክቱ ላይ ነው። ጠርጎ ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ ለካ። ሞተር ያሳደገው ሰው ነው፣ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ዓይኑ ከመለኪያው ወደ ሰማያዊው ማቀዝቀዣ፣ ከማቀዝቀዣው ወደ ጠርሙሶቹ ሲሄድ አየሁት። ለባለ ዳቦ ቤቱ ግን አስረዳሁት። ሞተሩ ሲጠፋ፣ ላይ በቱቦውና በማቀዝቀዣው ውስጥ ሲዞር የነበረው ዘይት ወደ ካምቢዮው ሆድ ይመለሳል። ከፍ ብሎ የሚታየው እሱ ነው፤ ትርፍ አይደለም፣ ሥራውን ጨርሶ ያረፈ ዘይት ነው። በትንሿ ማቀዝቀዣ ጊዜ የሚመለሰው ጥቂት ስለሆነ ወንድሜም የሚቀዳው ጥቂት ነበር፣ ካምቢዮዎቹም ቀስ ብለው ይሞቱ ነበር። የእኔ ትልቁ ማቀዝቀዣ የሚመልሰው ብዙ ሆነ፣ እሱም ብዙ ቀዳ፣ ካምቢዮው በአንድ ጠዋት ነደደ። ያ የተናቀ ማቀዝቀዣ ባይኖር ኖሮ እስክሞት ድረስ ይቅርታ ስጠይቅ እኖር ነበር።

"አባባ እንዲህ ነው ያስተማረኝ" አለ ወንድሜ በመጨረሻ።

"አባባ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሳያይ ነው የሞተው!"

"ለአንቺም ብዬ ነው። አብዝታ ትሞላለች ብለው ስምሽን እንዳያነሱ፣ ዝም ብዬ አስተካክልልሽ ነበር።"

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። መንገደኛው ሁሉ በሩ ላይ እስኪቆም ጮህኩ። "ለእኔ ብለህ? አንድ ቀን 'አበዛሽ' ብትለኝ ምን ነበረበት? ብትነግረኝ በደቂቃ አስረዳህ አልነበረም? እህቴ አትችልም ብለህ ለራስህ ፈርደህ፣ ፍርድህን በጠርሙስ ቆለፍክበት! እኔ እኮ በእጄ ላይ እምነቴን አጥቻለሁ። ማታ ማታ ብሎን ስቆጥር አድራለሁ። አታውቅም? እንዴት ታውቅ፣ ለካህ እንጂ አልጠየቅክ!"

አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

እማዬ ሹራቧን እንደያዘች ደረጃውን ወርዳ ነበር። "የማዶውን ሰውዬ አትምጣ በለው" አለችው። "አሁኑኑ።"

"እሺ እማዬ።"

"ያ አይበቃኝም" አልኩ። "መጻፍ ትችል የለ? ጻፍ። በየጠርሙሱ ላይ።"

ወረቀትና ብዕር አመጣ፣ የነርሷን መኪና ተደግፎ ጻፈ፤ እኔ እየነገርኩት። "ይህን ዘይት የቀዳሁት እኔ ነኝ። ካምቢዮው የተቃጠለው በእኔ ነው። እህቴ አላጠፋችም።" ሰባት ጊዜ ጻፈው። ሰባቱን ጊዜ "እኔ" ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆም ይል ነበር። ከዚያ ጠርሙሶቹን ይዞ ወደ አራቱ የሌሎቹ መኪኖች ባለቤቶች ቤት በእግሩ እንዲሄድ አደረግኩት።

የሆነውን ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ? በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ እሱን ያመሰግናል! ሐኪሙ ደውሎ፣ "ወንድምሽ ምን ዓይነት የተከበረ ሰው ነው፣ እስከ ደጄ መጥቶ ጥፋቱን አመነ" አለኝ። ባለ ታክሲው "እንደሱ ዓይነት ሰው ዛሬ የት ይገኛል?" አለ። የመንጃ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ለሠልጣኞቹ ምሳሌ አድርጎ ነገራቸው። "አንቺንስ በደልንሽ" ያለኝ አንድ የለም። እኔ ስድስት ዓመት ስናዘዝ የእጅ ችግር ነበር፤ እሱ አንድ ቀን ሲናዘዝ ጽድቅ ሆነ። ስልኩን ዘግቼ የብሎን መፍቻ ወረወርኩ።

የመምህርቷን ጠርሙስ ብቻ ይዞት ተመለሰ።

"አልተቀበለችኝም" አለ። "አንብባ አንብባ ስትጨርስ፣ 'ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነፈግኩት አንተን ነው ወይስ እህትህን?' አለችኝ። በሩን ዘጋችብኝ።"

ረቡዕ ዕለት ራሷ መጣች። አርጅታለች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ወደ ታች አየችኝ። "አንቺን ነው የበደልኩት" አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እጄ ዘይት ስለነበረ ክርኔን ዘረጋሁላት፤ እሷ ግን እጄን ያዘች።

የሰማያዊውን ካምቢዮ ለሦስተኛ ጊዜ አደስኩት። ማቀዝቀዣውን አጥቤ ብናኙን አወጣሁ፣ ቱቦው ላይ ማጣሪያ ጨመርኩ፣ ሞልቼ ዳገቱን አወጣሁት፤ ዘጠና። ወንድሜ በእነዚያ ቀናት ወደ እኔ በኩል አይሻገርም ነበር። በመጨረሻው ጠዋት መጣና ከኪሱ ብዕሩን አውጥቶ ሰጠኝ፣ ከነ ክሩ ከተቆረጠ ካርቶን ጋር።

"መለኪያው ላይ የሚንጠለጠል ያስፈልጋል" አለ። "አንቺ ጻፊው።"

ጻፍኩት። "ሞተር ሳይነሳ አይለካም። ካምቢዮን ሳትጠይቅ አይነካም።" አንዱ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዱ ፊደል ከሌላው ይገፋፋል። ካርቶኑን መለኪያው እጀታ ላይ ጠምዝዤ አሰርኩት፤ ዘንበል ብሎ ተንጠለጠለ።

ወንድሜ አየው። እጁ ሊያቃናው ተዘረጋ።

ቀና ብዬ አየሁት፣ እጁን መልሶ ኪሱ ከተተው።